መስመሩ ተቆረጠ፤ ሥራውስ?

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ሆኖ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድር ባለሙያ ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ ኮኔክሽኑ ሲቆረጥ የጀመርኩት ሥራ ምን ሆነ? ብዙዎች ተርሚናሉ ደርቆ ሲቆም ሥራውም አብሮ የቆመ ይመስላቸዋል። መስመሩ ሲመለስ ገብተው እንደ አዲስ ያስጀምራሉ። በእኔ እምነት ጉዳት የሚያደርሰው መቆረጡ ሳይሆን ይህ ችኮላ ነው።

መብራት ሲሄድ እኛ ዘንድ ያለው ራውተር ወዲያው ይጠፋል። በሥርዓቱ የሚዘጋ ግንኙነት ለወዲያኛው ወገን መጨረሱን አሳውቆ ይሄዳል፤ መብራት የጠፋበት ራውተር ግን ምንም አይልክም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር መሄዳችንን አያውቅም። ሊኑክስ፣ ቅንብሩን ማንም ካልቀየረው፣ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን መጠየቅ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ ማለትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ይዘጋዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኛ ሰርቨሩ ላይ እንዳለን ተደርገን እንቆጠራለን። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ጋላቢው ወድቆ ፈረሱ መጋለቡን ሲቀጥል ቢያስብ ነገሩ ይገባዋል።

ሥራው ወደ ስክሪን ብዙ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። የተላከውን የሚቀበል ስለሌለ ሰርቨሩ ደጋግሞ ይልካል፤ ማቆያው ሲሞላ ፕሮሰሱ ባለበት ይቆማል። አልሞተም፣ አይሠራምም። ሰርቨሩ ተስፋ ቆርጦ ግንኙነቱን እስኪዘጋው ሩብ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ኤስኤስኤች ግንኙነቱ መሞቱን ሲረዳ ተርሚናሉ ይዘጋል፤ ከርነሉም «ሲግሀፕ» የሚባለውን ምልክት ይልካል። አብዛኛው ፕሮሰስ ይህ ሲደርሰው ያበቃለታል። በ«ኖሃፕ» የተጀመረው ግን ምልክቱን አይሰማም፤ በ«ሴትሲድ» ተለይቶ የወጣውም አይደርሰውም። ተርሚናል ሳይከፈት በአንድ መስመር ትእዛዝ ከሩቅ የተጀመረ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳይጽፍ የሚሠራ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ወላጁ የሞተበትን ፕሮሰስ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 1 የሆነው ሲስተምዲ ይረከበዋል።

አንድ ክረምት ዳንግላ የሚሠራ ወጣት ባልደረባዬ ደወለልኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ ከባክአፕ ወደ ሰርቨር እየመለሰ ሳለ መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን ቆይቶበታል።

«ጋሼ፣ ተቋርጦብኛል፤ እንደገና ላስጀምረው?»

«ቆይ፣ እንዳትነካው። መጀመሪያ የቀድሞው መኖር አለመኖሩን እይ።»

ነበረ። በኖሃፕ ስላስጀመረው መቆረጡን አልፎታል። የወላጁ ቁጥር 1 ነው፤ በተርሚናሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይታያል፤ የፕሮሰሰር ሰዓቱ ይጨምራል። ሁለተኛውን ቢያስጀምር ኖሮ ሁለት ሥራዎች አንዱን ዳታቤዝ እኩል ሲጽፉበት ይውሉ ነበር። ጠበቅነው፤ ጨረሰ።

እኔ የተረፈ ፕሮሰስ ሳገኝ በ«ፒኤስ» ወላጁን፣ ተርሚናሉን፣ ሁኔታውንና ከተነሣ የቆየበትን ጊዜ አያለሁ። ቀጥሎ በ«ኤልኤስኦኤፍ» የትኞቹን ፋይሎች እንደከፈተ እመለከታለሁ፤ የፋይሉ መጠን እያደገ ከሆነ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሁኔታው «ዜድ» ከሆነ ፕሮሰሱ ቀድሞ የሞተ ነው፤ መግደል አይቻልም፣ ወላጁ ነው ሊያነሣው የሚገባ። «ዲ» ከሆነ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ያለ ፋይል እየጠበቀ ነውና በ«ኪል» ቁጥር 9 እንኳ ብዙ ጊዜ አይነቃነቅም። ተርሚናሉን አጥቶ በከንቱ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የያዘውን ግን ያለ ጸጸት አስወግደዋለሁ።

ስናስወግድም ቁጥር 15 ይቅደም። ይህ ምልክት ፕሮግራሙ ፋይሉን እንዲዘጋና ጊዜያዊ ፋይሎቹን እንዲያጠፋ ዕድል ይሰጠዋል፤ 9 ይህን ዕድል ይነፍጋል። በ9 መጀመር በየቢሮው የማየው ልማድ ነው፤ መቅረት አለበት እላለሁ። የ«ኤፒቲ» መቆለፊያ ፋይልን ዝም ብሎ መሰረዝም እንዲሁ፤ መቆለፊያውን የያዘው ፕሮሰስ ገና ፓኬጅ እየጫነ ሊሆን ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ረጅም ሥራ ሁሉ በ«ቲመክስ» ወይም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው «ስክሪን» ውስጥ ይጀመር፤ መስመሩ ቢቆረጥም ሲመለሱ ሥራው ካለበት ይገኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሞሽ» በሚቆራረጥ ኔትወርክ ግሩም ነው፤ ላፕቶፑ ቢጠፋ ግን እርሱ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ቀሪ ፕሮሰስ ይተዋል። ሰርቨሩ በየ60 ሰከንዱ ጠይቆ ሦስት ጊዜ መልስ ሲያጣ እንዲዘጋ ማድረግም ይቻላል። ብዙዎች ይህን ይመክራሉ፤ እኔ ግን ሁሉም ተጠቃሚ ቲመክስን ካልለመደ አልመርጠውም። መብራት ለአምስት ደቂቃ ሄዶ በሚመለስበት አካባቢ፣ አድራሻው ሳይለወጥ ቢመለስ ሊተርፍ የሚችለውን ግንኙነት በሦስት ደቂቃ እንገድለዋለን።

ከዚህ የሚከፋ ጊዜም አይተናል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን ያስጀመረው ሰው ተመልሶ ገብቶ ማየት አይችልም፤ ውሳኔው ሰርቨሩ አጠገብ ባለው ባልደረባ እጅ ይወድቃል።

አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሰርቨር ለምታስተዳድሩ የሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህንኑ ነው፦ ከእኛ ወገን በገባ ተጠቃሚ ስም የቆየ ፕሮሰስ ስታገኙ፣ ከማስወገዳችሁ በፊት ባለቤቱን ፈልጋችሁ ደውሉለት። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜም ስልክ ብዙ ጊዜ ይሠራል።