መፃጉዕን ከእንጦጦ ሥር ማስተማር

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ይባላል። የዕለቱ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረ ሰው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር በጌታ ቃል ብድግ ብሎ አልጋውን ተሸክሞ የሄደበት ታሪክ። በየካ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ማዕከላውያንን ሳስተምር ከሁሉ አስበልጬ የምዘጋጅበት ሳምንት ይህ ነው። ታሪኩ የተፈጸመበትን ዓይነት ቦታ ልጆቹ በእግራቸው ያውቁታልና።

የእንጦጦ ተራራ ከሰፈራችን በላይ ነው። በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሊጠመቅ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ለወራት ይቀመጣል። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ተጠምቆ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሲወርድ ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ይዘው ያገኙታል። ጸበልተኛ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። የአንዳንዶቹ ግቢ ውስጥ ጸበልተኛ ተከራይ አለ። ለአንዳንዶቹ ደግሞ ጸበልተኛዋ እናታቸው ናት።

ወጣቶችን ስናስተምር አፋችን የለመደው ጥያቄ “ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?” የሚል ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ትቼዋለሁ። ምንባቡ ሳያልቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዱ እጁን ያወጣና “እምነት ካለን እንድናለን” ይላል፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በዚህ ፈንታ “መፃጉዕ ከመፈወሱ በፊት አምኖ እንደነበር የሚናገረውን ቁጥር አውጡልኝ” እላለሁ። ገጽ መግለጥ ይጀምራሉ። ከቁጥር 1 እስከ 15 ይፈልጋሉ፤ አያገኙም። ሰውየው ፈውስ አልለመነም። ጌታ ራሱ ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው እንጂ። የፈወሰው ማን እንደሆነ አይሁድ ሲጠይቁት እንኳ አላወቀም ነበር። አንዳንዴ ብልህ ልጅ ይነሣና “ተነሥ ሲባል መነሣቱስ እምነት አይደለም?” ይለኛል። ነው፤ ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ያ እምነት የመጣው ከተጠራ በኋላ ነው፤ እንዲጠራ ያበቃው እምነቱ እንደሆነ ወንጌሉ አይናገርም። ስለ እምነት የሚናገር የፈውስ ታሪክ ለሚሻ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት አለች፣ የመቶ አለቃው አለ፣ ከነናዊቷ አለች። ይህኛው ሰው ስላጣ ሰው ነው።

ይህን እንዲያዩት ጠመኔ አነሣለሁ። የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ በኢየሩሳሌም፣ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፋፊ ኩሬዎች ናቸው፣ በመካከላቸው ግድብ አለ። በዙሪያው አራት፣ በግድቡ ላይ አንድ፤ ዮሐንስ የጻፋቸው አምስቱ መመላለሻዎች በዚህ ይሞላሉ። ያንን በአዳራሹ ወለል ላይ እሥላለሁ። ከዚያ ልጆቹ በየመመላለሻው ይገባሉ፤ አንዱ ዓይነ ስውር፣ አንዷ ሽባ፣ አንዱ አስታማሚ፣ አንዷ መንገደኛ። “ውኃው ተናወጠ!” ስል አስታማሚ ያለው ታማሚ ተደግፎ ይደርሳል፤ ውኃው ሲናወጥ የሚፈወሰው ቀድሞ የገባው ነበርና። መፃጉዕ የሆነው ልጅ እየተንፏቀቀ ይቀደማል። መጀመሪያ ይስቃሉ። ደግሜ ደጋግሜ “ተናወጠ” ስል፣ ያው ልጅ ደግሞ ደጋግሞ ሲቀር፣ ሳቁ ይቆማል።

ወደ ወንበራቸው ሳይመለሱ እዚያው ባሉበት እጠይቃቸዋለሁ። ይህን ሰው ያን ሁሉ ዘመን ማን አበላው? ልብሱን ማን አጠበለት? ሌሊት ሲበርደው ማንን ይጠራ ነበር? መልሱ በመጽሐፉ የለም፤ ልጆቹ ግን ያዩትን ያመጣሉ። አንዲት ልጅ “እኛ ግቢ ያሉት እትዬ ከጸበል ሲመለሱ እሳት የሚያነድላቸው ስለሌለ እርጥቡን ልብስ ሰውነታቸው ላይ ነው የሚያደርቁት” አለች። ሌላው ቀጠለና በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አጎቱ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተኝተው ቤተሰብ ገብቶ እንዳያያቸው የተከለከለበትን ጊዜ አነሣ። መፃጉዕ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ የመለሰውን መልስ የሚያነብ ልጅ ከዚህ በኋላ ድምፁ ይለወጣል። ትርጓሜ የሊቃውንት ነው፤ እነሱ በአንድምታ ያቆዩልንን ልጆቹ በራሳቸው አይተኩትም። ነገር ግን ትርጓሜውን ከመስማታቸው በፊት ሕመምተኛውን ቢያዩት የሚሰሙት ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከባዱ ክፍል ነው። ጌታ ሰውየውን በመቅደስ አግኝቶ ከዚህ የባሰ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠነቀቀው። በዚህ ላይ ሰባኪዎቻችን ዘንድ የታወቀ ታሪክ አለ፤ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው መፃጉዕ ነው ይባላል። ልጆቹ ይህን ሰምተዋል፤ እኔ ባላነሣው እነሱ ያነሡታል። ከዚያ አንዱ የማይቀረውን ይላል፦ “ስለዚህ የታመመ ሁሉ በኃጢአቱ ነው።”

እዚህ ላይ መምህር ዝም ማለት የለበትም። ውይይቱን ለልጆቹ ለቅቆ መቀመጥ ለሌላው ጥያቄ ይሠራ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሠራም። ከመካከላቸው ስለ ሕመሙ ለማንም ያልተናገረ፣ ወይም እናቱ የታመመችበት ልጅ ሊኖር ይችላል። ወዲያው ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አስገልጣለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ከማኅፀን ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መለሰ። አንድ ወንጌላዊ ሁለቱንም ጽፏል። መፃጉዕን የገሠጸው የልቡን የሚያውቅ ጌታ ነው፤ እኛ የጎረቤታችንን ልብ አናውቅም። ይህን በግልጽ እናገራለሁ፣ ደግሜም እናገራለሁ።

“በአምስቱ መመላለሻ የነበሩት ሌሎቹ ድውያንስ ለምን አልተፈወሱም?” ብለውም ይጠይቁኛል። ወንጌሉ አይነግረንም፤ እኔም አልፈጥርላቸውም።

የእንጦጦ ልጆችን የሚያስተምር ሰው የመድኃኒቱንም ነገር ማንሣት አለበት። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ጸበል የጀመረ መድኃኒት መውሰድ የለበትም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ይህ የፓትርያርክ ቃል ነው፤ ዛሬም ግን ያልሰማው አለ። አንድ እሑድ ትምህርቱ አልቆ አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀረና “መምህር፣ ክኒን የሚወስድ ሰው ቢጠመቅ እምነት የለውም ማለት ነው?” አለኝ። ስለ ማን እንደሚጠይቅ አልጠየቅሁትም። “አይደለም፤ ይጠመቅ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጥ” አልሁት። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ ይለምደዋል፣ ከዚያ ያው መድኃኒት አይሠራም፤ ይህንንም ነገርሁት። ካህን አባት እንዲያነጋግሩት ከፈለገ አብሬው እንደምሄድ ጨመርሁለት።

በመፃጉዕ ሳምንት ወጣቶች ፊት የምትቆሙ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስታዘጋጁ ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ታማሚ እንደሆነ አስባችሁ አዘጋጁ፤ እሱ ተቀምጦ ሊሰማው የማይችለውን ቃል አትናገሩ። ከመዝጊያው ጸሎት በፊትም፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቤተ ክርስቲያን መናገሯን በግልጽ ንገሯቸው።