ሰባቱ ደረጃዎች፤ ስለ ዊንስተን ሮይስ ጽሑፍ የቀረበ ሒስ

የሶፍትዌር ሥራ እንዴት ይደራጅ በሚለው ትምህርት ውስጥ እንደ ዊንስተን ሮይስ ስሙ እየተጠራ ጽሑፉ የማይነበብ ሰው አላጋጠመንም። እኛም ራሳችን «ፏፏቴ» የተባለውን ዘዴ ያስተማረው እርሱ ነው ብለን ለፈተና አጥንተን፣ ሥዕሉን ሥለን፣ ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። ጽሑፉን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጥቡ እንደማይገባን የተረዳነውም ያን ጊዜ ነው።

ጽሑፉ በ1970 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ለአንድ የመሐንዲሶች ጉባኤ የቀረበ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ደራሲው ለጠፈር መንኰራኵር ጕዞ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን ሲያሠራ የቈየ ሰው ነበረ። በሁለተኛው ሥዕል ላይ ሥራውን በሰባት ደረጃ ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ይኸውም የጠቅላላውን ሥርዓት ፍላጎት፣ የሶፍትዌሩን ፍላጎት፣ ትንተናን፣ ንድፍን፣ ፕሮግራም መጻፍን፣ ፍተሻን፣ በመጨረሻም በሥራ ላይ ማዋልን ነው። «ፏፏቴ» የሚል ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር ብንፈልግ አይገኝበትም።

ዋናው ነገር ከሥዕሉ ቀጥሎ ያለው ነው። ሮይስ አሳቡን በመሠረቱ ቢቀበልም፣ በዚያ መልክ መሥራት አደገኛና ውድቀትን የሚጋብዝ መሆኑን ይናገራል። የፕሮግራሙ ፍጥነት፣ የሚፈጀው ማከማቻ፣ የመረጃው መግቢያና መውጫ እውነተኛ ጠባያቸው የሚታየው በፍተሻ ጊዜ ነው፤ ፍተሻ ደግሞ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። እዚያ ጕድለት ቢገኝ ንድፉ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍላጎቱ ራሱ ይለወጣል፤ ጊዜው ወይም ወጪው እስከ መቶ በመቶ ሊጨምር ይችላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ሮይስ ግን ወደ ኋላ መመለስ የማይቀር ነውና አስቀድማችሁ ተዘጋጁለት ነው የሚለው።

ከሰጣቸው አምስት መፍትሔዎች ሁለቱን አብልጠን ወደድናቸው። አንደኛው ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው፤ 30 ወር ለሚፈጅ ሥራ 10 ወር ያህል ለሙከራ ናሙና ይመደብ ይላል። ሁለተኛው ደንበኛው ከርክክቡ ቀን በፊት ደጋግሞ ሥራውን እንዲያይ ማድረግ ነው። በ2001 ዓ.ም. በዩታ ተሰብስበው አጃይል የተባለውን መግለጫ ያወጡት 17 ሰዎች ከዚህ ከሁለተኛው አሳብ ብዙ አይርቁም።

ይሁን እንጂ ደራሲውን ፈጽሞ ነጻ አናወጣውም። አምስት ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ መሣሪያ 30 ገጽ ዝርዝር ይበቃል፤ በዚያው ዋጋ ለሚገዛ ሶፍትዌር ግን 1,500 ገጽ ያስፈልጋል ይላል። ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል? ንድፉ መለወጡ አይቀርም ካለ፣ ገጾቹን በየጊዜው የሚያርመውስ ማን ነው? ለዚህ የሰጠው መልስ አላረካንም። ደግሞም የነቀፈውን መንገድ ለዐይን በሚጥም ሥዕል ሥሎ፣ የራሱን ምክር ሁሉ የሰበሰበበትን የመጨረሻውን ሥዕል ቀስት በቀስት አድርጎ አወሳሰበው። ቸኵሎ የሚገልጥ አንባቢ የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1985 ዓ.ም. ያወጣው የሶፍትዌር ሥራ ደንብ በደረጃ ተራ ብቻ መሄድን ያዝዛል ተብሎ በብዙዎች ዘንድ ተተርጕሞ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. በሌላ ደንብ ተተካ። በመማሪያ ወረቀቶቻችን ላይ ግን ሥዕሉ እስከ ዛሬ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። መምህራኖቻችን ለሚመጣው ዓመት ሲያባዙት፣ ከሥሩ ያለውን አንቀጽም አብረው እንዲያባዙልን በትሕትና እንለምናለን።