የእንስራ መልክ በዋንዛ ላይ

በምዕራብ ጎጃም የገጠር ቤት የዕቃ መልክ ከአገልግሎቱና ከተሠራበት ነገር የተነሣ ነው። እንስራ ሆዱ ሰፍቶ አንገቱ የጠበበው፥ ውኃው ከምንጭ እስከ ቤት በሴት ጀርባ ሲጓዝ እንዳይፈስስ ነው። ሙቀጫም መቀመጫው የወፈረው ዘነዘናውን ተቀብሎ ሳይናወጥ እንዲቆም ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሳሎን ለጌጥ የሚቀመጠው በቶርኖ የተሠራ የእንጨት አበባ ማስቀመጫስ መልኩን ከወዴት አገኘ?

ለዚህ ዕቃ የሚሰጠው ምስጋና ሁለት ነው፤ ክብነቱና ልስላሴው። ነገር ግን በቶርኖ የሚሽከረከር እንጨት፥ መሮው ጸንቶ ከተያዘ፥ ክብ መሆኑ አይቀርም። ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን ክብ የምታደርገው ያለ መንኰራኵር፥ በእጇና በዓይኗ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብነት ለእርሷ የሙያ መድረሻ ሲሆን ለቶርኖ ሠሪው ገና መነሻ ነው።

የእርሱ ሙያ የሚመረመረው በዕቃው ውስጥ ነው። ሸክላ ከታች ወደ ላይ ይገነባል፤ ቅልም አንገቱን ይዞ ይበቅላል፤ እንጨት ግን ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። አንገቱ ከጠበበ መሮው ወደ ሆዱ ለመዞር ይቸገራልና ብዙው እንጨት በውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለው ማስቀመጫ ለዓይን ቀጭን መስሎ ሲያነሡት ይከብዳል። ደግሞም እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ከመካከሉ ወደ ቅርፊቱ ከሚሸማቀቀው በጠቅላላው እጥፍ ያህል ስለሆነ፥ ልቡ ያልወጣለትና ግድግዳው ያልተስተካከለ ዕቃ መሰንጠቁ አይቀርም።

«ለጌጥ ብቻ የተሠራ ነውና አገልግሎት አይጠየቅበትም» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ውኃ ቢሞላበት አብጦ ስለሚጣመም የአበባ ማስቀመጫነቱ ከስሙ አያልፍም። ሆኖም የአገልግሎት ምክንያት የሌለው ዕቃ የእንጨት ምክንያት እንኳ ሊኖረው ይገባል። የአገራችን ጠራቢዎች ይህን ያውቁ ነበር። ለመፈልፈል ከሚመቸው ከዋንዛ የሚወጡት ሙቀጫ፥ ገበታና ከበሮ አፋቸው ሰፊ ነው፤ መሣሪያው የሚገባው በዚያ ነውና።

እንግዲህ ቶርኖ ሠሪው አገራዊ መልክ ከፈለገ የሚማረው ከሸክላ ሠሪዋ ሳይሆን ከሙቀጫ ጠራቢው ነው። አፉን ያስፋ፥ መቀመጫውን ያጽና፥ ግድግዳውን ያስተካክል። እኛም የሥራው ተመልካቾች ልስላሴውን ከማድነቃችን በፊት እጃችንን ወደ ውስጡ እንስደድ፤ የባለሙያው ፍርድ ያለው በዚያ ነው።