«የማይሠራ አይብላ» የምንለው ለማን ነው?

ይህን አባባል ከመድረክ ስንደጋግም ጳውሎስን የጠቀስን ይመስለናል። 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10ን እንደገና እንመርምር፤ ተግሣጹ መሥራት ለማይወድ እንጂ ለማይችል አይደለም። ይህች ልዩነት ስትዘለል አቅመ ደካማው ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው ሴፍቲኔት እንኳ ይህን ለይቷል፤ ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ ግን ያለ ሥራ ይደገፋል። ዘዳግም 24፥19 ከዚህም ይጠልቃል፦ በእርሻ የተረሳው ነዶ ለመበለቲቱ ችሮታ ሳይሆን ድርሻዋ ነው።

የመንግሥት መመሪያ ያየውን ስብከታችን ከሳተ፣ ጉድለቱ የትርጓሜ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ጥቅሱን ከመስበካችሁ በፊት በአጥቢያችሁ ከእርዳታ መዝገብ የቀረችውን መበለት ጠይቋት።