የማሪ ላንገር ሕይወትና ሐሳብ፦ ሳይኮአናሊሲስ እና የገለልተኝነት ጥያቄ

ማሪ ላንገር (1910–1987 እ.ኤ.አ.) ቪየና ተወልዳ ቦነስ አይረስ ላይ ያረፈች ሐኪምና ሳይኮአናሊስት ናት። የአርጀንቲናን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ከመሠረቱት ጥቂት ሰዎች አንዷ ስትሆን፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በፖለቲካ አቋማቸው ማኅበሩን ጥለው ከወጡት መካከልም ግንባር ቀደሟ ነበረች። በሥራዎቿ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ የሰውን ውስጣዊ ዓለም የሚመረምር ባለሙያ ያ ሰው ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ግጭት ውጭ መቆም ይችላል ወይ የሚል ነው። መልሷ በሦስት የሕይወቷ ዘመናት ሦስት ዓይነት ነበር።

የትውልድ ስሟ ማሪ ግላስ ነው። ወላጆቿ ሃይማኖታቸውን እምብዛም የማይከተሉ ባለጸጋ አይሁዳውያን ነበሩ። ሕክምና ያጠናችው በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ1935 ተመረቀች። ተማሪ ሳለች፣ ናዚዎች በጀርመን ጉልበት ባገኙበት ጊዜ፣ የኦስትሪያ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነች። ፓርቲው በ1933 ታገደ፤ በፌብሩዋሪ 1934 ሶሻል ዴሞክራቶች ከመንግሥቱ ጋር ካደረጉት ውጊያ በኋላ ደግሞ እነሱም ከሕግ ውጭ ተደረጉ።

ላንገር በእነዚሁ ዓመታት በሪቻርድ ሽቴርባ ዘንድ የሳይኮአናሊሲስ ሥልጠና ትከታተል ነበር። የቪየናው የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር የአገዛዙን በትር ለመሸሽ ሲል አባላቱ በኅቡዕ ፖለቲካ እንዳይሳተፉ፣ የሚሳተፉ ሰዎችንም እንዳያክሙ ከለከለ። ክልከላው ከሕክምናው ጠባይ ጋርም የተያያዘ ነበር። የሳይኮአናሊሲስ መሠረታዊ ደንብ ታካሚው ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳያስቀር እንዲናገር ያዛል፤ በኅቡዕ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን የጓዶቹን ስምና መገናኛ ቦታ ከማንም መሰወር አለበት። ላንገር ለአጭር ጊዜ ታስራ ከተፈታች በኋላ ሁለቱን ሕይወቶች አብሮ ማስኬድ እንደማይቻል ተረዳች። በ1936 ከባለቤቷ ከቀዶ ሐኪሙ ማክስ ላንገር ጋር የእርስ በርስ ጦርነት ወደተቀሰቀሰባት ስፔን ሄዳ፣ በሪፐብሊኩ ጦር ሆስፒታሎች በማደንዘዣ ሰጪነት አገለገለች። የመጀመሪያው መልሷ እንግዲህ ሳይኮአናሊሲስን ትቶ ወደ ትግል መሄድ ነበር።

ሪፐብሊኩ ወደ ሽንፈት ሲያዘነብል ባልና ሚስቱ ስፔንን ለቀቁ፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላም በ1938 ወደ ኡራጓይ ተሰደዱ። በ1942 ቦነስ አይረስ ገቡ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላንገር ከአንኸል ጋርማ፣ ከሴሌስ ካርካሞ፣ ከአርናልዶ ራስኮቭስኪ እና ከኤንሪኬ ፒቾን ሪቪዬር ጋር የአርጀንቲናን ማኅበር መሠረተች። አዲሱ ማኅበር ተቀባይነት ለማግኘት የሚጣጣር፣ እሷም ስደተኛ ስለነበረች ፖለቲካውን ወደ ጎን አደረገችው። ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ትግሉን ትቶ በሙያ መወሰን። ይህ ዝምታ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ።

የዚህ ዘመን ዋና ሥራዋ በ1951 የታተመው «እናትነት እና ፆታ» ነው። መጽሐፉ ከሳይኮአናሊስቷ ከሜላኒ ክላይን ሐሳብ በመነሣት፣ ሴትነትን በጉድለት የሚተረጉመውን የሳይኮአናሊሲስ መሥራቹን የፍሮይድን አስተያየት ይሞግታል። እንደ ላንገር አባባል የቀደመው ዘመን የሴትን ፆታዊ ፍላጎት አፍኖ እናትነቷን ያከብር ነበር፤ ዘመናዊው ከተማ ደግሞ ፆታዊ ነፃነት ሰጥቷት እናትነትን አጠበበባት። የወር አበባ ሕመም፣ መካንነትና የጡት ወተት መድረቅ አንዳንዴ ከዚህ ውጥረት የሚመነጩ፣ ሥጋ የሚናገራቸው የነፍስ ችግሮች ናቸው ትላለች።

በመጽሐፉ ከሚታወቁት ክፍሎች አንዱ በ1949 ገደማ በቦነስ አይረስ የተሰራጨ ወሬን ይመረምራል። ወሬው እንዲህ ነው፦ ወጣት ባልና ሚስት ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ አንድ ምሽት ሕፃናቸውን ለእሷ ትተው ሲኒማ ይገባሉ። ሲመለሱ ሠራተኛይቱ የእመቤቷን የሙሽርነት ቀሚስ ለብሳ ትቀበላቸውና ወደ ገበታው ትመራቸዋለች። በገበታው ላይ የተጠበሰው ልጃቸው ከድንች ጋር ቀርቧል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ እውነት ያወሩት ነበር። ላንገር ወሬው ይህን ያህል የታመነው ሕፃን ለእናቱ ያለውን ጥንታዊ ፍርሃት ስለሚቀሰቅስ ነው ትላለች። ጨቅላው በረሃብና በቁጣ እናቱን ሊበላ ይመኛል፤ ምኞቱ ይገለበጥና ልጇን የምትበላ ክፉ እናት ሆና ትታየዋለች።

ትርጓሜው ረቂቅ ቢሆንም የዘለለው ነገር አለ። ዘመኑ የፕሬዚዳንት ፔሮን ነበር። ከጠቅላይ ግዛቶች የፈለሱ ሠራተኞች ዋና ከተማዋን ሞልተው፣ በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው፣ በአደባባይ ሲታዩ ባለጸጎቹ ደንግጠዋል። የእመቤቷን ቀሚስ ለብሳ በገበታው ራስ የምትቆም የቤት ሠራተኛ የዚህ ድንጋጤ ምስል ናት። የላንገር ትንታኔ ክብደቱን በሕፃኑና በእናቲቱ ላይ ስላሳረፈ፣ በሎሌና በጌታ መካከል ያለው ግንኙነት ጥላ ውስጥ ቀርቷል። የማርክስን ጽሑፎች አሳምራ የምታውቅ ጸሐፊ ይህን መተዋ፣ የሁለተኛው መልስ ዋጋ በትምህርቷ ውስጥ ሳይቀር እንደገባ ያሳያል።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ መገባደጃ ነው። በሜይ 1969 በአርጀንቲና የኮርዶባ ከተማ ሠራተኞችና ተማሪዎች በወታደራዊው መንግሥት ላይ ተነሡ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ጉባኤ በሮም ሲካሄድ «ፕላታፎርማ» የተባለ ተቃዋሚ ቡድን ብቅ አለ፤ በኋላም ላንገር የአርጀንቲናው ቡድን መሪ ድምፅ ሆነች። በ1971 ጉባኤው በትውልድ ከተማዋ ሲሰበሰብ በሳይኮአናሊሲስና በማኅበራዊ አብዮት ግንኙነት ላይ ጽሑፍ አቀረበች። የሙያ ባልደረቦቿ አብዮት ሲመጣ አገር ጥለው መሰደድ እንደለመዱ አስታውሳ፣ ከእንግዲህ ፍሮይድንም ማርክስንም አንተውም የሚል ሦስተኛ መልስ ሰጠች። በዚያው ዓመት እሷና ጓደኞቿ ከማኅበሩ ለቀቁ።

ሙግታቸው በሐሳብ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሥልጠናው ለሐኪሞች ብቻ የተፈቀደ፣ ረጅምና ውድ ነበር፤ ሠልጣኙ ገንዘቡንም የወደፊት ዕጣውንም ለጥቂት አንጋፋ አሠልጣኞች አሳልፎ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ ተቋም ገለልተኛ ነኝ ሲል ያለውን ሥርዓት እየደገፈ ነው የሚል ነበር ክሳቸው። ከወጡም በኋላ ትምህርቱን ለሥነ ልቦና ባለሙያዎችና ለማኅበራዊ ሠራተኞች ከፈቱት።

የገለልተኝነት ትርጉም በ1973 በብራዚል ተፈተነ። አሚልካር ሎቦ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሳይኮአናሊስት ለመሆን እየሠለጠነ፣ በጎን ግን እስረኞች ሲገረፉ ይተባበር ነበር። ኤሌና ቤሰርማን ቪያና የተባለች ባልደረባ ይህን የሚያጋልጥ የጋዜጣ ጽሑፍ፣ ስሟን ሳትገልጽ የእጅ ጽሕፈት አክላበት፣ ለላንገር ላከች። ላንገር መረጃውን ለዓለም አቀፉ ማኅበር አሳወቀች፤ በምታዘጋጀው «ኩዌስቲዮናሞስ» በተሰኘው የጽሑፎች ስብስብ ሁለተኛ ቅጽም አሳተመችው። የሪዮ ዴ ጃኔሮው ማኅበር ግን ሎቦን በመመርመር ፋንታ የእጅ ጽሕፈት አዋቂ ቀጥሮ ጠቋሚዋን አደነ። ሎቦ ተሳትፎውን በአደባባይ ያመነው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው።

በ1974 ማብቂያ ላንገር የአርጀንቲና ፀረ ኮሚኒስት ጥምረት የተባለው ገዳይ ቡድን ስለዛተባት ወደ ሜክሲኮ ተሰደደች። በኒካራጓ አብዮተኞቹ ሳንዲኒስታዎች ድል ካደረጉ በኋላ፣ በ1981፣ ከሲልቪያ ቤርማን እና ከኢግናሲዮ ማልዶናዶ ጋር ለአገሪቱ የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚረዳ ዓለም አቀፍ ቡድን አቋቋመች። አባላቱ ከሜክሲኮ እየተመላለሱ በሌዮን የሕክምና ትምህርት ቤትና በጤና ተቋማት ያስተምሩ ነበር። ባለሙያው እጅግ ጥቂት፣ ሐዘንተኛው ግን ብዙ በነበረባት አገር፣ ታካሚው የሚጋደምበት ሶፋና ለዓመታት የሚዘልቅ ቀጠሮ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ነርሶችና የጤና ሠራተኞች ማዳመጥን፣ ሐዘንን መደገፍንና የቡድን ሕክምናን እንዲለማመዱ ተደረገ። ለላንገር ሳይኮአናሊሲስ ማለት ተናጋሪው ራሱ የማያውቀውን ውስጣዊ ስሜቱን ማድመጥ እንጂ የክፍሉ የቤት ዕቃ ወይም የክፍያው መጠን አልነበረም።

ሐሳቧ ከትችት አያመልጥም። እናትነትን የሴት ተፈጥሯዊ ፍጻሜ አድርጎ የሚያየው የ1951ዱ መጽሐፍ በሴቶች መብት ተሟጋቾች ዘንድ ነቀፋ ደርሶበታል፤ እሷም በ1970ዎቹ ጽሑፎቿ የቤት ውስጥ ሥራንና የሥራ ክፍፍልን አስገብታ አቋሟን አስተካክላለች። በኒካራጓ ደግሞ ባለሙያው ለሚደግፈው መንግሥት ሲሠራ፣ የዚያን መንግሥት በደል የሚናገር ታካሚ በነፃነት ይደመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በጽሑፎቿ በቂ ምላሽ አላገኘም። የገለልተኝነት ትችቷ የሚጠነክረው ጨቋኝ አገዛዝ ሲገጥማት ነው፤ ወዳጅ አገዛዝን የሚመለከተው ክፍሉ ግን ገና ጅምር ነው።