«አንባውድ»፦ ድፍረት ከሥራ በፊት ወይስ ከሥራ በኋላ?

በዚህ እትም የምንነጋገርበት መጽሐፍ ኬንያዊቷ ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት «አንባውድ» የተሰኘው የሕይወት ታሪካቸው ነው። ርዕሱ «ያልጎነበሰች» እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ቋንቋው ከባድ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መዝገበ ቃላት አጠገቡ ካደረገ ይዘልቀዋል።

ብዙዎቻችን ዶክተር ዋንጋሪን የምናውቃቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት በመቀበላቸው ነው። ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ናቸው። ተማሪዎቻችንም «መሪ» ሲባል ቶሎ የሚታያቸው ይሄው ነው፤ ሽልማቱና ጭብጨባው። የመጽሐፉ ትልቁ ጥቅም ግን መጀመሪያውን ማሳየቱ ነው። መጀመሪያው ደግሞ የሚያስጨበጭብ አልነበረም። በካሩራ ደን ያፈሏቸው ችግኞች ውሃ አጥተው ደረቁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1977 ናይሮቢ ካሙኩንጂ በተባለ ቦታ ሰባት ዛፎች ተተከሉ፤ የጸደቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በኋላ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ያስተከለው የግሪን ቤልት ንቅናቄ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ለእኛ ከሁሉም የበለጠው ምዕራፍ ስድስተኛው ነው፤ «ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች» ይሰኛል። የገጠር ሴቶች ችግኝ ማፍላት እንዲማሩ የደን ባለሙያዎች ተጋብዘው ስለ መሬት ተዳፋት፣ ስለ ፀሐይ አቅጣጫ፣ ስለ መደብ ጥልቀት ያስረዳሉ። ሴቶቹ ግራ ይጋባሉ። በመጨረሻ ዶክተር ዋንጋሪ «ይሄን ተዉትና በራሳችሁ የሴት ብልሃት ሥሩ» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ሴቶቹም የአካባቢያቸውን ዘር ለቅመው፣ በተሰበረ ማሰሮና በተበሳ ጣሳ ተክለው፣ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ እያስቀመጡ ማፍላት ጀመሩ። ክፍያቸው ለአንድ ችግኝ የ4 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር፤ እሱም የሚከፈለው ተተክሎ ለጸደቀው ነው።

ይህችን የመጨረሻ ነገር ልብ ብለን እንያት። ሴቶቹ መጀመሪያ «በራሳችሁ ተማመኑ» የሚል ሥልጠና ወስደው አይደለም የጀመሩት። ጀመሩ፣ አንዳንዱ ደረቀ፣ አንዳንዱ ጸደቀ፤ መተማመኑ የመጣው የጸደቀውን በዓይናቸው ሲያዩ ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሁለት ቀን ስለ «ሊደርሺፕ» እንነጋገራለን፣ ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ ሶዳ ጠጥተን ሰርተፊኬት ተቀብለን እንበተናለን። ሥልጠና አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ግን ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ከሰርተፊኬቱም በኋላ አታወጣም። የማታ ጥናት ቡድን በኃላፊነት ስትይዝ፣ ቁልፉ እሷ እጅ ሲሆን፣ ካልከፈተች ሃያ ልጅ ደጅ እንደሚቆም ስታውቅ ነው ድምጿ የሚሰማው።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ እነዚያ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ በጅምላ «ሴቶቹ» ተብለው ነው የሚያልፉት። አንዷ እንኳ በራሷ አንደበት የመጀመሪያ ችግኟ ሲደርቅ ምን እንደተሰማት ብትነግረን፣ አንባቢው መሪነትን የአንዲት ጀግና ብቻ አድርጎ ባላየው ነበር። ሁለተኛ፣ ዶክተር ዋንጋሪ አሜሪካ የተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ናይሮቢ ላይ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ፣ ውጭ አገር የሚሰማቸው ወዳጅ የነበራቸው ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊሠራ የታሰበውን 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃውመው ሲጽፉ ይህ ሁሉ ረድቷቸዋል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያው ፓርክ ከእስረኛ እናቶች ጋር ሲጾሙ ፖሊስ ደብድቧቸው ሆስፒታል ገብተዋል። መጽሐፉ ዋጋውን አይደብቅም፤ ዜግነትና ዲግሪ የሌለው ሰው ያንኑ ቢያደርግ ምን እንደሚገጥመው ግን ብዙም አይጠይቅም።

ታዲያ የስደተኛ መታወቂያ የያዘ አንባቢ ከዚህ ምን ይውሰድ? «ባለሥልጣን ተጋፈጥ» የሚለውን ብቻ ከወሰደ የራሱን ሁኔታ ዘንግቷል። «እሷ ዶክተር ናት፣ እኔ ምን አለኝ» ብሎ ከዘጋው ደግሞ የጣሳውን ምዕራፍ አላነበበም ማለት ነው። እናቶቹ እኮ መሪ እንሁን ብለው አልወጡም፤ ልጆቻችንን ብለው ነው። ከፓርኩ ሲባረሩም ኦል ሴንትስ ካቴድራል ገብተው አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ አብዛኞቹ ልጆች ተፈቱ። ትዕግሥትም ተግባር ነው።

ለመምህራን ባልደረቦቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ስድስተኛውን ምዕራፍ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንብቡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡድን በወር ውስጥ «ጸደቀ» ወይም «ደረቀ» ሊባል የሚችል አንድ ሥራ ስጡ፤ ለታናናሾች ፊደል ማስቆጠር፣ የተቀደዱ መጻሕፍትን መጠገን፣ ከቧንቧው የሚፈሰውን ውሃ ወደ አንድ ዛፍ መምራት። የደረቀውንም አትደብቁት፤ ለምን እንደደረቀ ራሳቸው ይናገሩ። ውጤቱን ከጻፋችሁልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።