አሞራውን ማን ቀባው?

እስቲ ከወረኢሉ ወደ መካነ ሰላም ስትጓዙ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ጢማም አሞራ አገኛችሁ እንበል። አጥንቱን ከከፍታ ዓለት ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላውን ትልቁን አሞራ ማለታችን ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ አነሳችሁት። ፎቶው ደብዘዝ አለባችሁና ሞቅ የሚያደርግ ፊልተር ጣል አደረጋችሁበት። “ትንሽ ነው፣ ማን ያውቃል?” ብላችሁ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የጎልማሳው ጢማም አሞራ ደረትና ሆድ በተፈጥሮው ነጭ ነው። ያንን ዝገት የመሰለ ቀለም የሚያገኘው ብረት ባለበት ጭቃ ራሱን እያሸ ነው። እንዲህ ያለ ጭቃ ሳያገኙ በሰው እጅ ያደጉት ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው። ፊልተር ከገባበት በኋላ አሞራው የቀባውንና ስልካችሁ የቀባውን ማን ይለያል?

የውኃ ቀለም ሥዕል የሚያስመስለው ፊልተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ነጥብ የጎረቤቶቹን አማካይ ቀለም ይሰጠዋል። ሰማዩ ያምርበታል፤ ላባው ላይ ግን ቀጫጭን ጭረቶች ይጠፋሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማትገኘው የአንኮበር ሴሪን ትንሽ፣ ቡናማና ጭረታም ወፍ ናት። ጭረቷ ሲጠፋ ከሌላ ቡናማ ወፍ በምን ትለይዋታላችሁ?

ታዲያ ጥበብ ይቅር? በጭራሽ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ በ1926 እ.ኤ.አ. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጉዞ ቡድን ጋር መጥቶ የአገራችንን ወፎች ሥሏል። ወፍ ከሞተ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ቶሎ ይለወጣል፤ ስለዚህ ትኩስ እያለ መሣል ያስፈልጋል። ሠዓሊም ብዙ ነገር ይተዋል፣ ግን የሚተወውን አውቆ ነው። ፊልተሩ ላባና ደመና አይለይም።

እና ምን እናድርግ? ዋናውን ፎቶ በፍጹም አታጥፉ። ጠርዙን መቁረጥና ብርሃኑን በልኩ ማስተካከል ችግር የለውም። ያስጌጣችሁትን ለብቻው አስቀምጡና “ፊልተር አለው” ብላችሁ ጻፉበት። ኢበርድ ወይም አይናቹራሊስት ላይ የምትጭኑት ግን ያልተነካውን ይሁን። ጢማም አሞራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአደጋ የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ወፍ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ “ያኔ ወረኢሉ ላይ ምን ይመስል ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው የእናንተን ፎቶ ሊከፍት ይችላል።